የኮምፒውተር ኤክስቴንሽኖችን ስልክ ላይ ማስኬድ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ቅዳሜ ጠዋት፦ ምን ምን ይሻገራል?

ከመጀመሬ በፊት ኮምፒውተሬ ብራውዘር ላይ ያሉትን ኤክስቴንሽኖች፣ ማለትም ብራውዘሩ ላይ ተጨምረው አዲስ ሥራ የሚያስችሉትን ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ አንድ በአንድ ጻፍኳቸው። ማስታወቂያ የሚያግድ አለ። ፓስወርድ የሚይዝልኝ አለ። ነጩን ገጽ የሚያጠቁር አለ። የከፈትኳቸውን ታቦች በጎን በኩል የሚዘረዝር አለ። ቃል መርጬ ቀኝ ክሊክ ሳደርግ ፍቺውን የሚያመጣልኝ አለ። በመጨረሻ ደግሞ ራሴ የሠራሁት አንድ ትንሽዬ አለ፤ ስታነቡ ከላይና ከታች ተጣብቀው አብረዋችሁ የሚወርዱትን ባሮች ከገጹ ላይ ያነሳል።

ስልኬ ላይ ከእነዚህ አንዱም የለም። አብዛኛውን ነገር የማነበው ግን በስልክ ነው። ትልቁ ስክሪን ላይ ማስታወቂያ ጥግ ይዞ ይቀመጣል፤ ትንሿ ላይ ግን ጽሑፉን ራሱን ይሸፍነዋል። እርዳታው ይበልጥ የሚያስፈልገው ስልክ ላይ ሆኖ ሳለ መሣሪያው ሁሉ ያለው ኮምፒውተር ላይ ነው። ይህ ነገር ከልቤ ያሳስበኛል። ብዙ ሰው ኢንተርኔትን የሚያውቀው በስልክ ብቻ ነው፤ እነዚህ መሣሪያዎች መኖራቸውን እንኳ ሳይሰማ ይኖራል።

መጀመሪያ አንድሮይዱ ላይ እሠራለሁ፤ ከዚያ ቤት ውስጥ ወዳለችው አይፎን እሄዳለሁ። ስልክ ሩት አላደርግም፣ ማለትም የሲስተሙን ቁልፍ አልሰብርም፤ ምንጩ የማይታወቅ አፕም አልጭንም። የሠራውንም ያልሠራውንም ከነምክንያቱ እዚህ አሰፍራለሁ። አጥብቄ የምፈልገው ምክንያቱን ነው። «አይሠራም» የሚል ቃል ብቻውን ለማንም አይጠቅምም።

ቅዳሜ ከሰዓት፦ የብራውዘር ምርጫ

አንድሮይድ ላይ ያለው ክሮም ኤክስቴንሽን አይቀበልም። የኤክስቴንሽን መደብሩን በስልክ መክፈትና ማየት ይቻላል፤ መጫን ግን የለም። ብዙ ሰው እዚህ ሲደርስ ሜኑ ውስጥ ያለችውን «ዴስክቶፕ ሳይት» ይነካል። ለዚህ ጉዳይ ምንም አትፈይድም። እሷ የምታደርገው ብራውዘሩ ለድረ ገጹ «ኮምፒውተር ነኝ» እንዲልና ገጹን በሰፊው እንዲዘረጋ ማድረግ ብቻ ነው። ውስጡ ያው የስልኩ ብራውዘር ነው። ኤክስቴንሽን የሚያስኬደው ክፍል ከሌለ ስም መቀየሩ አይጨምርለትም።

ስለዚህ ሌላ ብራውዘር ግድ ሆነ።

ለዓመታት የዚህ ጥያቄ መልስ ኪዊ ብራውዘር ነበር። የክሮም ክፍት መሠረት በሆነው ክሮሚየም ላይ የተሠራ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ የክሮምን ኤክስቴንሽኖች ስልክ ላይ ያስኬድ ነበር። ዛሬም «ኪዊን ጫኑ» የሚሉ የቆዩ ምክሮች በየቦታው ታገኛላችሁ። ነገር ግን ሥራው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ቆሟል። ብራውዘር አንዴ ጭነው የሚረሱት አፕ አይደለም። በየጊዜው የደኅንነት ቀዳዳ ይገኝበታል፤ በየጊዜው መደፈን አለበት። ቀዳዳውን የሚደፍንለት ሰው በሌለው ብራውዘር ኢሜይሌን መክፈት አልፈልግም። ኪዊ ለብዙ ሰው መንገድ ያሳየ ሥራ ነው፤ አሁን ግን የምመክረው አይደለም።

ማይክሮሶፍት ኤጅ በአንድሮይድ ኤክስቴንሽን መቀበል ጀምሯል። ለተራው ተጠቃሚ የሚያቀርበው የተመረጡ ኤክስቴንሽኖችን ዝርዝር ነው። ማስታወቂያ ማገድ ብቻ ለሚፈልግ ሰው ይበቃል። እኔ ግን የራሴን ጭምር ማስገባት እፈልጋለሁ።

የቀረው ፋየርፎክስ ነው። ድሮ የአንድሮይዱ ፋየርፎክስ ኤክስቴንሽን እንደልብ ይቀበል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 አፑ ከመሠረቱ እንደ አዲስ ሲሠራ የሚፈቀዱት በጣት የሚቆጠሩ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 በሩ እንደገና ተከፈተ፤ ያኔ ከ400 በላይ አዳዲስ ኤክስቴንሽኖች ለስልክ ዝግጁ ሆነው ገቡ። አሁን ማንኛውም ሠሪ ኤክስቴንሽኑን ለስልክ አስማምቶ ማቅረብ ይችላል። እኔም ከእነሱ አንዱ ልሆን ነውና ምርጫዬ ፋየርፎክስ ሆነ።

ቅዳሜ ማታ፦ ማስታወቂያ አጋጁ

መጫኑ ቀላል ነው። ከፋየርፎክስ ሜኑ ወደ «ኤክስቴንሽኖች» መግባት፣ ዩብሎክ ኦሪጅን የሚባለውን ማስታወቂያ አጋጅ መምረጥ፣ የሚጠይቀውን ፈቃድ አንብቦ መስማማት፤ አለቀ።

ለውጡን ለማየት አንድ የዜና ገጽ ሳይጫንም ተጭኖም ከፈትኩ። ሳይጫን ርዕሱ ይመጣል፤ የመጀመሪያውን አንቀጽ ስጀምር ጽሑፉ ወደ ታች ይዘላል፤ ከላይ የማስታወቂያ ሥዕል ዘግይቶ ስለገባ ነው። ያነበብኩበትን መስመር ፈልጌ ሳገኘው ደግሞ ይዘላል። ከታች ቪዲዮ ብቅ ይላል፤ መዝጊያዋ ነጥብ ታክላለች፣ ጣት አይችላትም። ኤክስቴንሽኑ ከገባ በኋላ ያው ገጽ ተከፍቶ ዝም አለ። ጽሑፉ የቆመበት ቆመ። ፍጥነቱም ደስ ይላል፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ የወደድኩት ይህን እርጋታ ነው።

ለምን በዚህ ደረጃ እንደሚሠራ ላስረዳ። ገጽ ስትከፍቱ ብራውዘሩ ለሥዕሉም፣ ለስክሪፕቱም፣ ለፎንቱም ለየብቻ ጥያቄ ይልካል። ዩብሎክ ኦሪጅን እያንዳንዱን ጥያቄ ከመላኩ በፊት ያየዋል፤ የማስታወቂያ ወይም የስለላ ከሆነ እዚያው ያስቀረዋል። ያልተላከ ጥያቄ ዳታ አይበላም። ማኒፌስት 3 በሚባለው የክሮም አዲስ ሥርዓት ኤክስቴንሽኑ ራሱ እያየ የሚያግድበት መንገድ ለተራ ተጠቃሚ ተዘግቷል። ኤክስቴንሽኑ ሕግጋቱን አስቀድሞ ለብራውዘሩ ያስረክባል፤ የሚፈርደው ብራውዘሩ ነው። ክሮም ላይ ዩብሎክ ኦሪጅን ላይት የሚባለው ቀለል ያለው የወጣው በዚህ ምክንያት ነው። ፋየርፎክስ የቀድሞውን መንገድ አላጠፋም። ስለዚህ ሙሉው ዩብሎክ ኦሪጅን ስልክ ላይ ይሄዳል። ዛሬ በዚህ በኩል አንድ አንድሮይድ ስልክ ክሮም ካለበት ኮምፒውተር ይበልጣል ማለት ነው።

የኮምፒውተሩ ሴቲንግ ግን በራሱ አልመጣም። ኤክስቴንሽኖች ሴቲንጋቸውን በመሣሪያዎች መካከል የሚያመሳስሉበት የተለመደው መንገድ በአንድሮይዱ ፋየርፎክስ እዚያው ስልኩ ላይ ያስቀምጣል እንጂ ወደ ሌላ መሣሪያ አያሻግርም። ዩብሎክ ኦሪጅን ግን ሴቲንግን በፋይል አውጥቶ መልሶ የማስገባት ምርጫ አለው። ፋይሉን ወደ ስልኩ ላክሁት፤ አስገባሁት፤ ከዓመታት የሰበሰብኳቸው ማጣሪያዎች ሁሉ መጡ።

እሁድ ጠዋት፦ ፓስወርዱ

እዚህ ላይ የማምነው ነገር ተቀየረ። ፓስወርድ የሚይዝልኝን ቢትዋርደንን እንደ ኤክስቴንሽን ልጭነው ብዬ ነበር። ግን አያስፈልግም። አንድሮይድ ከ8.0 ጀምሮ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ፣ የፓስወርድ አፖች በየትኛውም አፕ ውስጥ እንዲሞሉ የሚያስችል አሠራር አለው። የቢትዋርደንን አፕ ጭኜ ከስልኩ ሴቲንግ የፓስወርድ ሞይ አድርጌ መረጥኩት። አሁን ብራውዘሩም ላይ፣ ሌሎቹም አፖች ላይ በጣት አሻራ ይሞላል። ኤክስቴንሽኑ ብራውዘር ውስጥ ብቻ ነበር የሚያገለግለው።

ከዚህ በኋላ ስለ እያንዳንዱ ኤክስቴንሽን የምጠይቀው ጥያቄ ተጨመረ። «ስልኩ ላይ ይሠራል ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ስልኩ ራሱ ይህን ሥራ አይሠራም ወይ?»

እሁድ ከሰዓት፦ ገጽ ማጥቆር

ዳርክ ሪደርን ጫንኩ። ሠራ። ዳይናሚክ በሚባለው መደበኛ አሠራሩ ቀላል ሥራ አይደለም የሚሠራው፤ የገጹን ቀለማት በሙሉ አንብቦ ለእያንዳንዱ ተስማሚ ጥቁር ያሰላል። ገጹ ረጅም ሲሆን ይህ ስሌት በስልክ ፕሮሰሰር ላይ ይሰማል። ዳርክ ሪደር ከዳይናሚክ ሌላ ፊልተርና ስታቲክ የሚባሉ አሠራሮች አሉት። ስታቲክ ቀለማቱን አንድ በአንድ ሳያሰላ አንድ ወጥ ገጽታ ያለብሳል፤ ለስልክ ይቀላል።

ብዙ ድረ ገጾች አሁን የስልኩን ጨለማ ገጽታ አይተው ራሳቸው ይጠቁራሉ። ለእነሱ ኤክስቴንሽኑ ትርፍ ነው። ስለዚህ ሁሉም ገጽ ላይ መሥራቱን አጥፍቼ ዓይኔን ለሚወጉኝ ጥቂት ገጾች ብቻ አበራሁት።

ሰኞ ማታ፦ አልሻገርም ያሉት

የታቡ ዝርዝርና የፍቺው ኤክስቴንሽን አልሄዱም። ምክንያቱን ቁጭ ብዬ ፈተሽኩ፤ ግልጽ ነው።

ኤክስቴንሽን የሚሠራው በሁለት ቦታ ነው። አንዱ ገጹ ውስጥ ነው፤ ቀለም ይቀይራል፣ ያነሳል፣ ይጨምራል፣ ጥያቄ ያግዳል። ሌላው የብራውዘሩ አካል ላይ ነው፤ የጎን መደርደሪያ፣ የቀኝ ክሊክ ሜኑ፣ የኪቦርድ አቋራጭ፣ የመስኮቶች አደራደር፣ ቡክማርክ፣ የጉብኝት ታሪክ። የመጀመሪያው ስልክ ላይ ያው ነው፤ ገጽ የትም ገጽ ነው። ሁለተኛው ግን ስልክ ላይ አካሉ ራሱ የለም፣ ወይም ለኤክስቴንሽን አልተከፈተም። የአንድሮይዱ ፋየርፎክስ የጎን መደርደሪያ የለውም። ኤክስቴንሽኖች ሜኑ ላይ መስመር መጨመር፣ የኪቦርድ አቋራጭ መያዝ፣ ቡክማርክና ታሪክ መንካት አይችሉም።

የታብ ዘርዛሪው ሙሉ በሙሉ በሁለተኛው ላይ የቆመ ነው። ስለዚህ ተውኩት። ፋየርፎክስ ስልክ ላይ ታቦችን የሚያሳይበት የራሱ ገጽ አለው፤ ይበቃኛል።

የፍቺው ያሳዝነኛል፤ በየቀኑ ነው የምጠቀምበት። ግን አንድሮይድ ከ6.0 ጀምሮ ሌላ በር አለው። ጽሑፍ ስትመርጡ ብቅ የምትለዋ ትንሽ ሜኑ ላይ አፖች የራሳቸውን ቁልፍ መጨመር ይችላሉ። ይህን የሚደግፍ የመዝገበ ቃላት ወይም የትርጉም አፕ ከጫናችሁ፣ ቃሉን ተጭናችሁ ስትመርጡ «ኮፒ» ካለበት ረድፍ ላይ የአፑ ስም ይመጣል፤ ካልታየ ሦስቱን ነጥቦች ንኩ። ብራውዘር ውስጥ ብቻ ሳይሆን መልእክትም ውስጥ፣ መጽሐፍ ማንበቢያም ውስጥ ይሠራል። ከቀኝ ክሊኩ አንድ ንክኪ ይበዛል እንጂ ጉድለት የለውም።

ረቡዕ ማታ፦ የራሴን ማስማማት

በጉጉት የምጠብቀው ሥራ ይህ ነበር። ባር አንሺው ኤክስቴንሽኔ ኮምፒውተር ላይ ለምቾት ነው። ስልክ ላይ ግን የህልውና ጉዳይ ነው። ስልኩን በአግድም ይዛችሁ አንድ ተጣባቂ ባር ከላይ፣ አንድ ከታች ካለ ለንባብ የሚተርፋችሁ ሦስት ወይም አራት መስመር ነው።

መጀመሪያ የማኒፌስት ፋይሉ፣ ማለትም ኤክስቴንሽኑ ማንነቱን ለብራውዘሩ የሚናገርበት ፋይል። ፋየርፎክስን በሚመለከተው ክፍል ውስጥ «ጌኮ» የሚል ቁልፍ ነበር። ከጎኑ «ጌኮ አንድሮይድ» የሚል ጨመርኩ። ውስጡ ባዶ ቅንፍ ቢሆንም ይበቃል። መደብሩ ኤክስቴንሽኑ ለአንድሮይድም እንደተዘጋጀ የሚያውቀው በዚህ ነው። በጣም ብዙ ጥሩ ኤክስቴንሽኖች ለስልክ የማይታዩት ይህች መስመር ስለጎደለች ብቻ ይመስለኛል። የምትወዱት ኤክስቴንሽን ስልክ ላይ ከሌለ ለሠሪው በትህትና ብትጽፉለት ሥራው አንዳንዴ የደቂቃዎች ነው።

ቀጥሎ ስልኩንና ኮምፒውተሩን ማገናኘት። ስልኩ ላይ የዴቨሎፐር ኦፕሽንን ከፈትኩ፤ ሴቲንግ ውስጥ «ቢልድ ነምበር» የሚለውን 7 ጊዜ መንካት ነው። ከዚያ ስልኩን ከኮምፒውተር ሆኖ ለመፈተሽ የሚያስችለውን ዩኤስቢ ዲበጊንግ፣ ከዚያ ፋየርፎክስ ሴቲንግ ውስጥ በዩኤስቢ ዲበግ ማድረግን የሚፈቅደውን ማብራት። ኬብል ሰካሁ። ኮምፒውተሩ ላይ «ዌብ ኤክስት» የሚባለው የፋየርፎክስ ሠሪ የሞዚላ መሣሪያ ኤክስቴንሽኑን ስልኩ ላይ ይጭነዋል፤ ኮዱን ቀይሬ ሴቭ ባደረግሁ ቁጥርም ያድሰዋል። ስልኩ ላይ የተከፈተውን ገጽ ከኮምፒውተሩ ሆኜ እየመረመርኩ የትኛው ሳጥን የትኛው ባር እንደሆነ በመስመር ማየት እችላለሁ። ይህ ዝግጅት ጊዜ ቢወስድም አንዴ ከተሰናዳ በኋላ ሥራው ይጣፍጣል።

ኤክስቴንሽኑ ተነሳ፤ ባሮቹም ጠፉ። ገጹ ላይ የሚሠራው ክፍል ምንም ሳይነካ ሄደ። ያስቸገረው ፖፕአፑ ነው።

ኮምፒውተር ላይ ፖፕአፕ ከቁልፉ ሥር የምትወርድ ትንሽ ሳጥን ናት። ስልክ ላይ ግን ስክሪኑን ትሞላለች። የኔዋ ስፋቷ 520 ፒክስል ተብሎ የተቆረጠ ነበር። አብዛኞቹ ስልኮች ቀጥ ብለው ሲያዙ ለገጽ የሚሰጡት ስፋት ከ360 እስከ 412 ፒክስል አካባቢ ነው። ስለዚህ በቀኝ በኩል ያሉት ማብሪያ ማጥፊያዎች ከስክሪኑ ውጭ ቀሩ። የተቆረጠውን ስፋት አነሳሁና ሳጥኑ ባገኘው ቦታ ልክ እንዲዘረጋ አደረግሁት። ገጹ በስልኩ ስፋት ልክ እንዲሣል የምታዝዘውን የቪውፖርት መስመርም ጨመርኩ። ቁልፎቹን የአንድሮይድ መመሪያ ለጣት ዝቅተኛ ብሎ ወደሚያስቀምጠው 48 ዲፒ አሳደግኋቸው።

ሌላም ነበር። ባር የማይነሳባቸው የድረ ገጾች ዝርዝር አለኝ፤ ከእያንዳንዱ ስም ጎን ያለችው ማጥፊያ የምትታየው ማውስ ሲያርፍባት ነው። ስልክ ላይ ማውስ የሚባል ነገር የለም፤ ጣት ወይ ነክቷል ወይ አልነካም። ማጥፊያዋ ጨርሶ አትታይም። ሁልጊዜ እንድትታይ አደረግኋት። አሁን ኮምፒውተሩም ላይ እንደዚያው ትታያለች፤ እዚያም የተሻለች ሆናለች።

ሐሙስ፦ ባሩን ማወቅ

አሠራሩን ትንሽ ላሳያችሁ፤ ሌላ ሰው ሊሠራው ቢፈልግ ይረዳዋል። ኤክስቴንሽኑ ገጹ ላይ ያሉትን ሳጥኖች ያያል። አቀማመጣቸው «ፊክስድ» ወይም «ስቲኪ» ከሆነ (ገጹ ሲንሸራተት ስክሪኑ ላይ ተጣብቀው የሚቀሩ ማለት ነው)፣ ስፋታቸው ከሞላ ጎደል የስክሪኑን ያህል ከሆነ፣ ከላይኛው ወይም ከታችኛው ጠርዝ ጋር ከተጣበቁ ባር ናቸው ይላል፤ ይሸሽጋቸዋል።

ስልክ ላይ «ታችኛው ጠርዝ» የሚባለው ቋሚ አይደለም። ወደ ታች ስታንሸራትቱ የብራውዘሩ አድራሻ መጻፊያ ይሸሸጋል፤ የገጹ ከፍታ ይጨምራል። ወደ ላይ ስትመለሱ ደግሞ ይቀንሳል። በዚህ መሃል ባሩ ለአፍታ ከጠርዝ የራቀ ይመስላል። ለዚህ ትንሽ ፒክስል ልዩነትን ይቅር እንዲል አደረግሁት፤ አንዴ ባር ተብሎ የተለየም ገጹ እስኪዘጋ ባር ሆኖ ይቆያል።

ፍጥነት ሌላው ነው። ኮምፒውተር ላይ ገጹ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ሁሉንም ይፈትሽ ነበር፤ ማንም አይሰማውም። ስልክ ላይ ግን ማንሸራተቱ ይንገጫገጫል። አሁን የሚነቃው ገጹ ላይ አዲስ ነገር ሲጨመር ብቻ ነው፤ የሚፈትሸውም የተጨመረውን ብቻ ነው፤ ብራውዘሩ ሥራ ሲፈታ። ንባቡ እንደ ውኃ ይፈሳል።

አንድ ጥንቃቄ አለ። ፈቃድ የሚጠይቁ የኩኪ ሳጥኖች አንዳንዴ ሙሉ ስክሪን ይሸፍናሉ፤ ከሥር ያለውን ገጽም እንዳይንሸራተት ይቆልፋሉ። እሱን ብቻ ብትሸሽጉት ገጹ እንደተቆለፈ ይቀራል፤ ሰውየው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ይደርቃል። ስለዚህ ከስክሪኑ ከፍታ ሢሶ በላይ የሚይዝ ሳጥን አልነካም። ጥያቄ ከሆነ ባለቤቱ አይቶ ይመልስ። ማንበብን መርዳትና ለሰው መወሰን የተለያዩ ናቸው።

ከበስተጀርባ የሚሠራው ክፍልም መታሰብ ነበረበት። አንድሮይድ ሜሞሪ ሲጠብበት ከኋላ ያለውን ሥራ ያለማስጠንቀቂያ ይዘጋል። ሜሞሪ ላይ ብቻ የተያዘ ነገር ሁሉ ይጠፋል። ማንኛውንም ምርጫ ወዲያው ወደ ስልኩ ማከማቻ እንዲጽፍ፣ ሲነቃም ከዚያው እንዲያነብ አደረግሁት። ይህ ባትሪም ያተርፋል፤ ሥራ ከሌለ ተኝቶ ይቆያል።

ዓርብ፦ ማስፈረም

በኬብል የተጫነው ጊዜያዊ ነው። በቋሚነት ለመጫን በሞዚላ መፈረም አለበት። መደብሩ ላይ ሳይወጣ ለራስ ብቻ የማስፈረም ምርጫ አለ፤ እሱን መረጥኩ። የተፈረመው ፋይል ስልኩ ላይ ሲደርስ ፋየርፎክስ ሴቲንግ ውስጥ «ስለ ፋየርፎክስ» የሚለውን ገጽ ከፍቶ አርማውን 5 ጊዜ መንካት ነው። ከዚያ በኋላ ሴቲንጉ ላይ ከፋይል መጫኛ ምርጫ ይጨመራል። ይህ በር የተደበቀው በምክንያት ነው፤ ከማታውቁት ሰው የመጣ ፋይል እንዳትጭኑበት።

ቅዳሜ፦ አይፎኗ

እዚህ መንገዱ ሌላ ነው። አፕል ሳፋሪ ላይ ኤክስቴንሽን የፈቀደው ከአይኦኤስ 15፣ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ነው። ኤክስቴንሽኑ የሚመጣው ከአፕ ስቶር እንደ አፕ ሆኖ ነው። አፑን ትጭናላችሁ፤ ከዚያ ከሳፋሪ ሴቲንግ «ኤክስቴንሽኖች» ውስጥ ታበሩታላችሁ። ብዙ ሰው አፑን ብቻ ጭኖ «አልሠራም» የሚለው ሁለተኛውን እርምጃ ስለሚዘለው ነው።

አይፎን ላይ ክሮምም ሆነ ፋየርፎክስ ስማቸው ነው እንጂ ሞተራቸው፣ ማለትም ገጹን የሚያነብና የሚሥለው ክፍል፣ የሳፋሪው ዌብኪት ነው። የአፕል ደንብ ያስገድዳል። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ከአይኦኤስ 17.4፣ እ.ኤ.አ. ከማርች 2024 ወዲህ፣ ሌላ ሞተር ተፈቅዷል። ስለዚህ አንድሮይድ ላይ የተመቸን ፋየርፎክስ አይፎን ላይ ያው አይደለም። ኦሪዮን የሚባል ብራውዘር የክሮምና የፋየርፎክስ ኤክስቴንሽኖችን አይፎን ላይ ለማስኬድ ይሞክራል፤ ድጋፉ ግን ገና የሙከራ ነው።

አንድ የአፕል አሠራር በጣም ወድጄዋለሁ። ኤክስቴንሽን ገጽ ላይ ሊሠራ ሲል ሳፋሪ ይጠይቃል፤ ለአንድ ቀን ብቻ ወይም በዚህ ድረ ገጽ ሁልጊዜ ብላችሁ መፍቀድ ትችላላችሁ። ይህ ቢስፋፋ ደስ ይለኛል።

የራሴን ወደ ሳፋሪ ለመቀየር የተለመደው መንገድ ማክና ኤክስኮድ የሚባለውን የአፕል ፕሮግራም መሥሪያ ይፈልጋል፤ እኔ ማክ የለኝም። ስለዚህ ቡክማርክሌት፣ ማለትም ቡክማርክ ውስጥ የሚቀመጥ ትንሽ ኮድ፣ ሠራሁ። ማንኛውንም ገጽ ቡክማርክ ማድረግ፣ ከዚያ ቡክማርኩን ኤዲት አድርጎ በአድራሻው ቦታ «ጃቫስክሪፕት» ብሎ የሚጀምረውን አጭር ኮድ መለጠፍ። ገጽ ላይ ሆናችሁ ቡክማርኩን ስትነኩ ባሮቹ ይነሳሉ። በራሱ አይነሳም፤ በየገጹ መንካት አለባችሁ። ግን ምንም አይጫንም፣ ምንም ፈቃድ አይጠየቅም። ይህ ዘዴ አንድሮይድ ላይ ባለው ክሮምም ይሠራል። እዚያ ቡክማርኩን ከዝርዝሩ ሳይሆን ስሙን አድራሻ መጻፊያው ላይ ጽፋችሁ ከሚመጣው ጥቆማ መንካት ነው። ስሙን አጭር አድርጉት።

ቅዳሜ ማታ፦ ፈቃድ

የጫንኳቸውን ኤክስቴንሽኖች ፈቃድ እንደገና አነበብኩ። «በሁሉም ድረ ገጾች ላይ ያለውን መረጃዎን ማየት» የሚለው ቀላል ነገር አይደለም። ይህን ፈቃድ ያገኘ ኤክስቴንሽን የምታነቡትን ብቻ ሳይሆን የምትጽፉትንም ማየት ይችላል። የባንክ አፓችሁን አይነካም፤ ባንካችሁን በብራውዘር ከከፈታችሁ ግን ያ ገጽ ከፊቱ ነው።

ጥሩ የነበረም ሊለወጥ ይችላል። ዘ ግሬት ሰስፔንደር የተባለው ተወዳጅ የክሮም ኤክስቴንሽን እ.ኤ.አ. በ2020 ለሌላ ወገን ተሸጠ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2021 ጉግል ጎጂ ኮድ አለበት ብሎ ከሰዎች ብራውዘር ላይ አጠፋው። ተጠቃሚዎቹ ምንም አዲስ ነገር አልጫኑም፤ አፕዴቱ ነው በራሱ የመጣው። ስለዚህ ጥቂት ብቻ፣ ሠሪያቸው የሚታወቅ ብቻ፣ ኮዳቸው ክፍት ከሆነ ደግሞ እሰየው። ፋየርፎክስ ኤክስቴንሽኖችን ፕራይቬት ታብ ላይ በነባሪ አያስገባም። እኔ ማስታወቂያ አጋጁን ብቻ ፈቀድኩለት።

አሁን ያለበት ሁኔታ

አንድሮይዱ ላይ የቀሩት ሦስት ናቸው፦ ዩብሎክ ኦሪጅን፣ ለጥቂት ገጾች ዳርክ ሪደር፣ እና የኔው ባር አንሺ። ፓስወርዱና ፍቺው ወደ ስልኩ ራሱ ተዛውረዋል። አይፎኗ ላይ አንድ ማስታወቂያ አጋጅና ቡክማርክሌቷ አሉ።

ያልጨረስኩት አንድ ነገር አለ። አንዳንድ ገጾች ባሩን በ«ፊክስድ» ወይም በ«ስቲኪ» አይለጥፉትም፤ ጽሑፉን ራሱን ሌላ የሚንሸራተት ሳጥን ውስጥ ያስገቡና ባሩን ከሳጥኑ ውጭ ይተዉታል። ኤክስቴንሽኔ እሱን ባር ብሎ አያውቀውም። እዚያ መሸሸግ ብቻ አይበቃም፤ ሳጥኑ የተለቀቀውን ቦታ እንዲሞላ ማድረግም ያስፈልጋል። የሚቀጥለው ሥራ እሱ ነው። ሲጠናቀቅ ኤክስቴንሽኑን ለሁሉም ሰው መደብሩ ላይ አወጣዋለሁ።